ከክቧ ምልክት ቀጥሎ ያለው ዓመት፦ የቅጂ መብት ቀኖች ምን ይናገራሉ?

የአንድ መጽሐፍ የመጀመሪያ ቅጠል ተገልጦ ጀርባው ሲታይ፣ በደቃቅ ፊደል የታተመ መስመር አይጠፋም። በክብ የታጠረች የላቲን «ሲ»፣ ከእሷ ቀጥሎ አንድ ዓመት፣ ከዓመቱ ቀጥሎ የባለመብቱ ስም። ከሥሩም «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። ብዙ አንባቢ አልፎት ይሄዳል። አሳታሚ፣ ተርጓሚ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ወይም አሮጌ ካሴት እንደገና ሊያወጣ ያሰበ ሙዚቃ ቤት ግን እዚያች መስመር ላይ ቆም ይላል። ሊያውቅ የሚፈልገው ሥራው እስከ መቼ የተጠበቀ እንደሆነ ነው።

መስመሯ ይህን ጥያቄ በቀጥታ ትመልሳለች ብሎ ማሰብ የተለመደ ስሕተት ነው። ዓመቱ በአንድ ዘመንና አገር የመብቱ ነፍስ ነበር፤ ቢጎድል ወይም ቢሳሳት ሥራው ያለጠባቂ ይቀር ነበር። በሌላ ዘመን መረጃ ብቻ ሆኗል። በአንዱ ሕግ የጥበቃው ዘመን ከእሱ ይቆጠራል፤ በሌላው ከደራሲው ሞት። ስለዚህ ዓመቱን የሚያነብ ሰው ሦስት ነገር መለየት አለበት፦ የምን ዓመት ነው? በየትኛው ሕግ ይነበባል? በየትኛው የዘመን አቆጣጠር ተጻፈ? በዚህ ዳሰሳ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ከመዝገብ ወደ ገጽ

በ1710 ሥራ ላይ የዋለው የእንግሊዟ የንግሥት አን ሕግ ለአዲስ መጽሐፍ ደራሲ የ14 ዓመት መብት ሰጠ፤ ዘመኑ ሲያልቅ ደራሲው በሕይወት ካለ ሌላ 14 ዓመት ይጨመርለታል። ሕጉ የደነገገውን ቅጣት ለማስፈጸም ግን የመጽሐፉ ርእስ በለንደን የመጽሐፍ ነጋዴዎች ማኅበር መዝገብ ላይ መስፈር ነበረበት። ቀኑ የሚገኘው በመዝገቡ ላይ እንጂ በመጽሐፉ ላይ አልነበረም።

አሜሪካ በ1790 ያወጣችው የመጀመሪያው የፌዴራል ሕግም ይህንኑ የ14 እና የ14 ዓመት ስሌት ወሰደ። ደራሲው ሥራውን በአውራጃው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ያስመዘግባል፤ የምዝገባውን ቃልም ለአራት ሳምንት በጋዜጣ ያሳውጃል። መጽሐፉን በእጁ የያዘ ሰው ግን ጋዜጣው ካመለጠው ምንም የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በ1802 የወጣው ማሻሻያ ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የምዝገባው ቃል በራሱ በመጽሐፉ ላይ፣ በርእሱ ገጽ ወይም ከእሱ ቀጥሎ ባለው ገጽ እንዲታተም አዘዘ። ዛሬ በብዙ መጻሕፍት ላይ የምናየው መስመር የዚያ ትእዛዝ ልጅ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የአሜሪካ መጻሕፍት ላይ ሥራው በየትኛው ዓመት፣ በማን ስም፣ በየትኛው ፍርድ ቤት እንደ ተመዘገበ የሚያትት ረጅም ዐረፍተ ነገር ይታያል። በ1874 ይህ አጥሮ ሦስት ነገር ብቻ ቀረ፦ «የቅጂ መብት» የሚለው ቃል፣ ዓመቱና ስሙ።

ክቧ ምልክት የመጣችው በ1909 ሕግ ነው። ያኔ የተፈቀደችው ለካርታ፣ ለሥዕል፣ ለቅርጻ ቅርጽ፣ ለፎቶግራፍና ለመሳሰሉት ነበር፤ በሥዕል ፊት ላይ ረጅም ጽሑፍ ማተም ሥራውን ያበላሻልና። ለእነዚህ ሥራዎች ዓመት መጻፍም ግዴታ አልነበረም። ለታተመ ጽሑፍ፣ ለሙዚቃና ለተውኔት ግን ዓመቱ የግድ ነበር።

የዓመቱ ምክንያት ግልጽ ነው። መብቱ የሚቆየው ለተወሰነ የዓመት ቁጥር ነበር፤ በ1831 ሕግ 28 ከ14 ጋር፣ በ1909 ሕግ 28 ከ28 ጋር። ቆጠራው የሚነሣው ከደራሲው ሞት ሳይሆን ሥራው ከተመዘገበበት፣ በኋላም ከታተመበት ቀን ነው። መነሻ ዓመቱን ያወቀ ሰው ቀሪውን በጣቱ መቁጠር ይችል ነበር። በዚያ ሥርዓት ውስጥ ዓመቱ ለሕዝብ የተሰጠ ቃል ነው።

ዓመቱ ሲስት፣ መስመሩ ሲጎድል

ቃሉ ሲሳሳት ምን ይሆናል? የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ቀድመው የያዙት ልዩነት አለ። በ1848 በኒውዮርክ በታየ ጉዳይ፣ በ1846 የተመዘገበ መጽሐፍ ማስታወቂያው ላይ 1847 ተብሎ ስለ ታተመ መብቱ ውድቅ ተደረገ። በ1888 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በተመለከተው ጉዳይ ግን የታተመው ዓመት ከትክክለኛው የቀደመ ነበር፤ መብቱም ጸና። ነገሩ የዘፈቀደ ይመስላል፤ አይደለም። የዘገየ ዓመት የጻፈ ባለመብት ከሕዝብ ላይ ዓመት ይወስዳል። የቀደመ ዓመት የጻፈ ግን ያሳጠረው የራሱን ዘመን ነው። ይኸው አስተሳሰብ በ1976 የአሜሪካ ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፦ ዓመቱ የቀደመ ከሆነ ቆጠራው ከተጻፈው ዓመት ይነሣል፤ ከአንድ ዓመት በላይ የዘገየ ከሆነ ሥራው ያለማስታወቂያ እንደ ወጣ ይቆጠራል።

ከስሕተቱ የከፋው ጉድለቱ ነበር። በ1963 የወጣው «ሻሬድ» የተሰኘው የኬሪ ግራንትና የኦድሪ ሄፕበርን ፊልም ጥሩ ማሳያ ነው። በፊልሙ መክፈቻ ላይ ዓመቱ በሮማውያን ቁጥር ተጽፏል። የኩባንያዎቹ ስም አለ። «መብቱ ሁሉ የተጠበቀ ነው» የሚለውም አለ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የቅጂ መብት» የሚለው ቃል ወይም ክቧ ምልክት። በዚያች ጉድለት ፊልሙ በአሜሪካ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1968 ደግሞ ጆርጅ ሮሜሮ የሠራው የሙታን ፊልም ዛሬ በሚታወቅበት ስሙ ከመውጣቱ በፊት ሌላ ርእስ ነበረው። የቅጂ መብት ማስታወቂያው ያረፈው በዚያው የርእስ ምስል ላይ ነበር። አከፋፋዩ ርእሱን ሲለውጥ አሮጌው ምስል ወጣ፤ ማስታወቂያውም አብሮ ወጣ። አዲሱ የርእስ ምስል ላይ ማንም መልሶ አልጻፈውም። በፊልም ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ተጽዕኖ ካሳደሩ አስፈሪ ፊልሞች አንዱ የሆነው ይህ ሥራ በዚያው ምክንያት ጥበቃውን አጣ።

ሁለት ጎራ

እነዚህን ታሪኮች አንዱ ወገን እንደ ግፍ ያያቸዋል። በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት፣ በተለይም በ1908 በበርሊን በተሻሻለበት ጊዜ፣ መብቱን ማግኘትም ሆነ በመብቱ መጠቀም ለማንኛውም ፎርማሊቲ፣ ማለትም እንደ ምዝገባና ማስታወቂያ ላለ ሥርዓት፣ ተገዥ አይደለም ብሎ ደነገገ። በዚህ አስተሳሰብ መብቱ የሚወለደው ከሥራው ጋር ነው። ልጅ ሲወለድ የልደት የምስክር ወረቀት ስላልወጣለት ልጅነቱ እንደማይካድ ሁሉ፣ ድርሰትም ማስታወቂያ ስለጎደለው አባት አያጣም።

የአሜሪካ ጎራ መነሻው ሌላ ነው። መብቱ ሕግ ለተወሰነ ዘመን የሚሰጠው ጥቅም ነው፤ ጥቅሙን የፈለገ ሰው ይህን ያህል ያሳውቅ፤ ያላሳወቀ እንዳልፈለገው ይቆጠር። ለዚህ ወገን የሚቆም ማስረጃም አለ። በአሜሪካ የ28 ዓመቱ የመጀመሪያ ዘመን ሲያልቅ ባለመብቱ ማደስ ነበረበት። የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤቱ በ1960ዎቹ መባቻ ባቀረበው ጥናት፣ ከተመዘገቡት ሥራዎች የታደሱት ከ15 በመቶ በታች ነበሩ። ብዙው ሥራ ለባለቤቱ ከ28 ዓመት በኋላ የንግድ ዋጋ አልነበረውም ማለት ነው፤ ለሕዝብ ግን ተለቀቀ።

ሁለቱን ለማስታረቅ በ1952 በጄኔቫ፣ በዩኔስኮ ጥላ ሥር፣ ዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት ተፈረመ፤ በ1955ም ጸና። ድልድዩ ቀላል ነበር፦ ከአባል አገር የመጣ ሥራ በሁሉም ቅጂዎቹ ላይ ክቧን ምልክት፣ የባለመብቱን ስምና ሥራው መጀመሪያ የታተመበትን ዓመት ከያዘ፣ ፎርማሊቲ በሚጠይቁ አባል አገሮች ዘንድ ሁሉን እንዳሟላ ይቆጠራል። ክቧ ምልክት በዓለም መጻሕፍት ላይ እንደዚህ የተሰራጨችው በዚህ ምክንያት ነው። የፈረንሳይ ወይም የጀርመን አሳታሚ የገዛ አገሩ ሕግ ሳያስገድደው ያትማት የነበረው አሜሪካ ውስጥ እንድትጠብቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ አሜሪካ ደረጃ በደረጃ ለዘበች። ከጥር 1 ቀን 1978 ጀምሮ የጸናው የ1976ቱ ሕግ ማስታወቂያውን ግዴታ አድርጎ ቢያቆየውም፣ የረሳ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ሥራውን አስመዝግቦና ማስታወቂያውን ለመጨመር ተገቢውን ጥረት አድርጎ እንዲያድነው ፈቀደ። አገሪቱ የበርንን ስምምነት ተቀብላ ከመጋቢት 1 ቀን 1989 ወዲህ ማስታወቂያው በፈቃድ ሆነ። በ1996 ደግሞ በፎርማሊቲ ጉድለት ጥበቃ ያጡ ብዙ የውጭ አገር ሥራዎች መብታቸው ተመለሰላቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2012 ይህ መመለስ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ አጸናው።

ስለዚህ አንድ ዓይነት መስመር እንደ ዕድሜው ሦስት ትርጉም አለው። ከ1978 በፊት አሜሪካ ውስጥ በታተመ ሥራ ላይ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነው። ከ1978 እስከ የካቲት 1989 መጨረሻ ግዴታ ቢሆንም ሊታረም የሚችል ነው። ከዚያ ወዲህ ማስጠንቀቂያና ማስረጃ ነው። ማስጠንቀቂያነቱ ግን ዋጋ አለው፤ በአሜሪካ ሕግ ተገቢው ማስታወቂያ ያለበትን ቅጂ ያገኘ ሰው «መብት ያለበት መሆኑን አላወቅሁም» ብሎ ካሳ ሊያስቀንስ አይችልም።

የምን ዓመት?

ዋናው ግራ መጋባት እዚህ ላይ ነው። ዓመቱ የሚያመለክተው ሥራው የተጻፈበትን ሳይሆን መጀመሪያ ለሕዝብ የታተመበትን ዓመት ነው። «መታተም» የሚለው ቃል ራሱ ያከራክራል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በነሐሴ 1963 በዋሽንግተን ያደረገውን ንግግር በአደባባይ ከ200 ሺህ የሚበልጥ ሰው ሰማው፤ በቴሌቪዥንም ተላለፈ። ያለማስታወቂያ ታትሟል ከተባለ መብቱ ጠፍቷል። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ1999 በዋናው ነጥብ ለወራሾቹ ፈረደ፦ ንግግር ማድረግ፣ የሰማው ሕዝብ ቢበዛም፣ ማሳተም አይደለም።

ሁለተኛው ልዩነት በእትምና በኅትመት መካከል ነው። ያንኑ መጽሐፍ ሳይለወጥ ደግሞ ማተም አዲስ ዓመት አያስገኝም። የታረመ፣ የተጨመረበት ወይም አዲስ መግቢያ የተጻፈለት እትም ግን ለአዲሱ ክፍል አዲስ ዓመት ይይዛል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሲታይ ትርጉሙ ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ዓመት የሚጠብቀው በዚያ ዓመት የተጨመረውን ነው። የሼርሎክ ሆምስ ጉዳይ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ኮናን ዶይል ስለ መርማሪው ከጻፋቸው 60 ታሪኮች 50ዎቹ ከ1923 በፊት፣ 10ሩ ከዚያ በኋላ ታተሙ። ወራሾቹ የመጨረሻዎቹ 10 እስካልተለቀቁ ድረስ ገጸ ባሕርዩ በሙሉ የእኛ ነው አሉ። በ2014 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አልተቀበላቸውም፦ የቆዩት ታሪኮች ተለቀዋል፤ የተጠበቀው በኋለኞቹ ላይ የተጨመረው ብቻ ነው። እነዚያም በ1927 ከታተመው የመጨረሻው ታሪክ ጋር በጥር 2023 ተለቀቁ።

ሦስተኛው የድምፅ ቅጂ ነው። በሸክላና በሲዲ ላይ ከክብ «ሲ» ጎን ክብ «ፒ» ትገኛለች። ይህች የድምፅ ቅጂውን ትመለከታለች፤ በ1961 በሮም ስምምነት ታወቀች፣ በአሜሪካ ሕግም ከየካቲት 15 ቀን 1972 ጀምሮ ቦታ አገኘች። አንድ አልበም ላይ ዜማውና ግጥሙ፣ ቀረጻውና የሽፋኑ ሥዕል የየራሳቸው ዓመትና ባለቤት ሊኖራቸው ይችላል። የማሕሙድ አህመድ «ኧረ መላ መላ» በ1975 አዲስ አበባ ተቀርጾ በ1986 በቤልጂየም ለአውሮፓ ገበያ ወጣ፤ በ1990ዎቹ መጨረሻም በ«ኢትዮፒክስ» ተከታታይ እንደገና ወጣ። በየቅጂው ላይ የሚታተም ዓመት የዚያን ልቀት ዘመን ሊናገር ይችላል። ቀረጻው መቼ እንደተወለደ የሚጠይቅ ሰው ግን ወደ መጀመሪያው ሸክላ መመለስ አለበት።

አራተኛው የምዝገባ ዓመት ነው። «ሃፒ በርዝዴይ» የሚለው የልደት መዝሙር ዜማ በ1893 በሁለት እኅትማማች መምህራን በወጣ የመዋእለ ሕፃናት መጽሐፍ ውስጥ ታትሟል። አንድ ትልቅ የሙዚቃ አሳታሚ ግን በ1935 በተደረገ ምዝገባ ተመርኩዞ መዝሙሩ እስከ 2030 የእኔ ነው ሲል ክፍያ ሲሰበስብ ኖረ። በ2013 ክስ ተመሠረተበት። ክርክሩ ሊያበቃ ሲል በ1922 የታተመ የመዝሙር መጽሐፍ ተገኘ፤ ግጥሙ በውስጡ አለ፣ ከርእሱ በታች የፈቃድ ምስጋና አለ፣ ለመዝሙሩ ግን የቅጂ መብት ማስታወቂያ የለም። ዳኛው በመስከረም 2015 የወሰነው በዚህ መጽሐፍ ላይ ተመሥርቶ አልነበረም፤ አሳታሚው የግጥሙን መብት ከባለቤቶቹ እንደ ተቀበለ አላሳየም የሚል ነበር። ጉዳዩ በ14 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። መዝገብ ላይ የሰፈረ ዓመት የባለቤትነት ማረጋገጫ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ጉዳይ አይገኝም።

በመጨረሻም አጻጻፉ አለ። በፊልሞች ላይ ዓመቱ በሮማውያን ቁጥር መጻፉ የተለመደ ነው፤ የ«ሻሬድ» 1963 «ኤም፣ ሲ፣ ኤም፣ ኤል፣ ኤክስ፣ አይ፣ አይ፣ አይ» ተብሎ ስምንት ፊደል ይፈጃል። በአማርኛ አሮጌ መጻሕፍት ላይ የሚታየው የግዕዝ ቁጥርም አንባቢውን እንዲሁ ያስቆመዋል። አሜሪካ ውስጥ ዓመቱ በተለመደው ቁጥር፣ በሮማውያን ቁጥር ወይም በቃል ቢጻፍ ተቀባይነት አለው።

ከዓመቱ ወደ ዘመኑ

የዓመቱ ጉልበት የሚለካው የጥበቃው ዘመን ከምን እንደሚቆጠር በማየት ነው። በአሜሪካ ከ1978 በፊት የታተሙና ጥበቃቸው ያልወደቀ ሥራዎች ከታተሙበት 95 ዓመት ይቆያሉ፤ የሚያበቁትም በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ነው። በ1928 የወጣው የሚኪ ማውስ የመጀመሪያ ባለድምፅ ፊልም በጥር 1 ቀን 2024 የተለቀቀው በዚህ ስሌት ነው። ከ1978 ወዲህ ግለሰብ የፈጠረው ሥራ ከደራሲው ሕይወት በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል፤ እዚህ ላይ በገጹ ላይ ያለው ዓመት ዘመኑን አይቆጥርም። ለድርጅት በሥራ ትእዛዝ የተሠራ ወይም ስም የለሽ ሥራ ከሆነ ግን ዓመቱ እንደገና ነፍስ ይዘራል፤ ከታተመ 95 ወይም ከተፈጠረ 120 ዓመት፣ ከሁለቱ የቀደመው ይወስናል።

ትክክለኛ ዓመትም ብቻውን አይበቃም። በ1946 የወጣው የፍራንክ ካፕራ የገና ፊልም «ኢትስ ኤ ወንደርፉል ላይፍ» ማስታወቂያው ሙሉ ነበር። በ1974 ግን ማንም አላደሰውም። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች በነፃ እየደጋገሙ ስላሳዩት የአሜሪካ የገና ልማድ ሆነ፤ በ1990ዎቹ ባለመብቶች በፊልሙ መነሻ ታሪክና ሙዚቃ በኩል መልሰው እስኪቆጣጠሩት ድረስ። ገጹን ብቻ ያየ ሰው እስከ 2041 ይቆጥራል፤ የእድሳት መዝገቡን ያየ ሰው በ1974 ያቆማል። የእድሳት ግዴታው በ1964 እና ከዚያ ወዲህ ለታተሙት የቀረው በ1992 በወጣ ሕግ ነው።

አውሮፓ ውስጥም ነገሩ ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። አን ፍራንክ በ1945 ሞተች፤ በ70 ዓመቱ ስሌት ማስታወሻዋ በ2015 መጨረሻ መለቀቅ ነበረበት። በኔዘርላንድስ ግን ከሞት በኋላ ለታተሙ ሥራዎች የነበረ አሮጌ ድንጋጌ አለ፤ ዋናዎቹ የእጅ ጽሑፎች ሙሉ በሙሉ የታተሙት በ1986 ስለሆነ እስከ 2037 ተጠብቀዋል። የማስታወሻውን መብት የያዘው በስዊዘርላንድ ባዝል የሚገኝ ፋውንዴሽን ደግሞ በ1947 የታተመውን ቅጂ ያዘጋጀው አባቷ የራሱ ድርሻ አለው፣ እሱም የሞተው በ1980 ነው ብሎ ይከራከራል። አንድ ማስታወሻ፣ ሦስት መነሻ ዓመት።

የዛሬ ክርክሮች

ድረ ገጽና ሶፍትዌር አሮጌውን ጥያቄ በአዲስ መልክ አምጥተውታል። በየጥር ወር በራሱ የሚለወጥ ዓመት በብዙ ድረ ገጾች ግርጌ ይታያል። ይህን የሚደግፉ ሰዎች ይዘቱ ዘወትር ይታደሳል ይላሉ። የሚቃወሙት ደግሞ ምንም ያልተጨመረበት ገጽ አዲስ ዓመት መልበሱ ሐሰት ነው፣ ባለመብቱም ለራሱ ጥቅም አያገኝበትም ይላሉ፤ የሚጠቅመው ሥራው ምን ያህል እንደ ቆየ የሚያሳየው የመጀመሪያው ዓመት ነውና። ሕጉ የሚያደላው ለሁለተኛው ነው። የአሜሪካ ሕግ እያወቀ ለማታለል ሐሰተኛ ማስታወቂያ የሚያወጣን ሰው እስከ 2,500 ዶላር ይቀጣል። በራሱ የሚለወጥ ዓመት ግን ብዙውን ጊዜ የስንፍና እንጂ የማታለል ውጤት አይደለም።

በሶፍትዌር ዓለም ሦስት ልማድ ይታያል። የነፃ ሶፍትዌሩ የግኑ ፕሮጀክት መመሪያ ለውጥ የተደረገባቸው ዓመታት እንዲዘረዘሩ ይፈልጋል፤ «ከዚህ እስከዚህ» የሚል አጻጻፍ የሚፈቅደው በመካከል ያለው እያንዳንዱ ዓመት የራሱ ሥራ ካለው ነው። ሌሎች የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ ይጽፋሉ። ሦስተኛዎቹ ዓመቱን ጨርሰው ትተውታል፤ «ከርል» የተባለው በብዙ ሚሊዮን መሣሪያዎች ላይ ያለ ፕሮግራም በ2023 መጀመሪያ ዓመቶቹን ከፋይሎቹ አወጣ። ትክክለኛው ታሪክ በለውጥ መዝገቡ ውስጥ ስላለ በየፋይሉ ቁጥር ማደስ ድካም ብቻ ነው የሚል ነው ምክንያቱ።

ሌላው ክርክር ያለመብት የሚጻፈው ዓመት ነው። ለዘመናት የሕዝብ በሆነ የሼክስፒር ተውኔት ላይ የትናንት ዓመት ታትሞ ይታያል። አንዳንዱ ትክክል ነው፤ አዲሱ መግቢያና የግርጌ ማስታወሻ ይጠበቃል፣ በብሪታንያ ሕግ የገጹ አቀማመጥ ራሱ ለ25 ዓመት ይጠበቃል። ጥፋቱ የቱ አዲስ የቱ አሮጌ እንደሆነ አለመናገሩ ነው። ጄሰን ማዞኔ የተባሉት የሕግ ምሁር በ2006 ያለመብት መብት ማወጅን የቅጂ መብት ማጭበርበር ብለው ስም አውጥተውለታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ፎርማሊቲ ይመለስ የሚለው ጥያቄ አለ። ባለቤታቸው የማይታወቅ «ወላጅ አልባ» ሥራዎች መብዛት ለዚህ ወገን ጉልበት ሰጥቶታል፤ የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በ2006፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2012 መመሪያው ችግሩን አምነዋል። በ2003 ለአሜሪካ ምክር ቤት የቀረበ ረቂቅ፣ ሥራው 50 ዓመት ሲሞላው ባለመብቱ አንድ ዶላር ከፍሎ እንዲያስቀጥል፣ ካልከፈለ እንዲለቅ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ አልጸደቀም። የበርን ስምምነት ለውጭ ሥራዎች እንዲህ ያለውን ግዴታ ስለሚከለክል ክርክሩ አሁንም እዚያው ላይ ነው፦ መብቱን ሳያሳጣ ባለመብቱ ዓመትና ስም እንዲያሳውቅ የሚገፋፋው ምንድን ነው?

በሁለት አቆጣጠር መካከል

በኢትዮጵያ ጥያቄው ተጨማሪ እጥፋት አለው። የጽሑፍና የሥነ ጥበብ ባለቤትነት በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ቦታ አግኝቶ ነበር። ዛሬ መሠረቱ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ነው። ይህን አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ላይ ያየ ሰው የችግሩን ምስል በአንድ ገጽ ያገኛል፦ በአማርኛው ዓምድ ቁጥሩ 410/1996 ነው፣ ቀኑም ሐምሌ 12 ቀን 1996 ዓ.ም.፤ ጎን ለጎን ባለው የእንግሊዝኛ ዓምድ 410/2004 ይላል። አንድ ሕግ፣ አንድ ቀን፣ ስምንት ዓመት የተራራቁ ሁለት ቁጥሮች።

በአዋጁ መሠረት ሥራው ጥበቃ የሚያገኘው ሲፈጠር ነው፤ ምዝገባም ሆነ ማስታወቂያ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። የደራሲው ኢኮኖሚያዊ መብት በሕይወቱ ዘመንና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። በአዋጁ ስሌት ግን ወሳኙ ዓመት እሱ አይደለም፤ ደራሲው ያረፉበት 1996 ዓ.ም. ነው። ሃምሳ ሲደመርበት ወደ 2046 ዓ.ም. ይደርሳል። ይህን ዓመት በመጽሐፉ ገጽ ላይ ማንም አያገኘውም።

በፎቶግራፍና በድምፅ ቅጂ ግን ዓመቱ ይቆጥራል። አዋጁ ለፎቶግራፍ ከተነሣበት ጊዜ የሚታሰብ 25 ዓመት፣ ለድምፅ ቅጂ አዘጋጅ ደግሞ 50 ዓመት ይሰጣል። እዚህ ላይ አቆጣጠሩን አለመጻፍ ዋጋ ያስከፍላል። ከጀርባው «1992» ብቻ የተጻፈበት ፎቶግራፍ ይታሰብ። ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ጥበቃው እስከ 2017 ዓ.ም. ይዘልቃል። በአውሮፓውያን ከሆነ ያለቀው በ2009 ወይም በ2010 ዓ.ም. ነው። ልዩነቱ ከጠቅላላው 25 ዓመት ሲሦ ገደማ ነው።

ከአገር ውጭ ለሚያሳትም ሰው ሌላም ነጥብ አለ። የአሜሪካ የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት የሚያወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያን ለረጅም ዓመታት የቅጂ መብት ግንኙነት ከሌላቸው አገሮች ተርታ አስቀምጧት ኖሯል። አዋጁ ሲወጣም ኢትዮጵያ የበርን አባል አልነበረችም። በዚህ ሁኔታ አዲስ አበባ ብቻ በታተመ መጽሐፍ ላይ ያለች ክብ ምልክት አሜሪካ ውስጥ መብት አትፈጥርም። ሥራው መጀመሪያ እዚያው አሜሪካ ከታተመ፣ ወይም አዲስ አበባ በታተመ በ30 ቀን ውስጥ እዚያም ከወጣ፣ ወይም ደራሲው ነዋሪነቱ አሜሪካ ከሆነ ግን ይጠበቃል። አዲስ አበባ ለሚኖር ደራሲ ከዓመቱ ይልቅ የታተመበት ቦታና ወር ሊበልጥበት የሚችለው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ከክቧ ቀጥሎ ያለው ዓመት ለብቻው ፍርድ አይሰጥም፤ የምርመራ መነሻ ነው። ያም ሆኖ መስመሩ ሙሉ ሲሆን ብዙ ድካም ይቀንሳል። አማርኛ መጻሕፍትና ሙዚቃ የሚያወጡ አሳታሚዎች «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን ከቁጥሩ ጋር ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን እትም ዓመት አዲሱ እትም ላይም ያቆዩት፤ የተጨመረው ምን እንደሆነ ይናገሩ፤ ደራሲው ካረፈ ያረፈበትን ዓመት ያስፍሩ። ከ50 ዓመት በኋላ ያንን ገጽ የሚገልጥ ሰው ሌላ የሚጠይቀው ላይኖር ይችላል።